ምክንያትና ማመካኛ

ጅብና አህያ ወንዝ ዳር ተገናኙ፤ ጅቡ ከላይ፣ አህያይቱ ከታች ሆነው ይጠጡ ጀመር። ጥቂት እንደ ቆዩ ጅቡ ቀና አለና «አንቺ! ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ሲል ተቆጣ። አህያይቱ ውሃው የሚወርደው ከእሱ ወደ እሷ መሆኑን ታያለች። ነገሩ የውሃ ነገር እንዳልሆነም ገብቷታል። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው ይባላል።

ይህችን ተረት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ጉልበተኛ ደካማውን ሊጎዳ ሲያስብ ሰበብ እንደማያጣ ለማስረዳት ሁላችንም በየጊዜው እንጠቅሳታለን። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተረቲቱ ምስክር አልጠራችም፣ ዳኛ አላስቀመጠችም፣ መሐላም አላስፈለጋትም። የአህያይቱን ንጽሕና የምታስረዳው በመሬቱ አቀማመጥ ብቻ ነው። ውሃ ሽቅብ አይፈስም፤ ስለዚህ ከታች ያለ ከላይ ያለውን ሊያደፈርስበት አይችልም። አለቀ። ተዳፋቱ ራሱ ፈረደ።

ሰሞኑን ስለ ተራሮቻችንና ስለ ውሃቸው ሳስብ ግን አንድ ጥርጣሬ ገባኝ። አህያይቱ ንጹሕ መሆኗን አልጠረጠርኩም፤ የጠረጠርኩት ምስክሩን ነው። ተዳፋቱ ዛሬም እንደ ድሮው የታመነ ምስክር ነውን? በዛሬው ዓለም ከታች ሆኖ የላይኛውን ውሃ ማደፍረስ አይቻልም ትላላችሁ?

ቋንቋችን ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ቃላት አዘጋጅቶ ይጠብቀናል፤ ምክንያትና ማመካኛ። ሥራቸው አንድ ነው፤ ወንድምና እህት ናቸው ቢባል ያስኬዳል። አንዱ አንድ ነገር በእርግጥ ለምን እንደ ሆነ ይነግረናል። ሌላው ከተጠያቂነት የምናመልጥበትን በር ይከፍትልናል። አባቶቻችን ቃላቱን ካንድ ሥር አብቅለው፣ የመለየቱን ጣጣ ለእኛ የተውልን ይመስለኛል። ይህ ጽሑፍም ሁለቱን ለመለየት የሚደረግ ሙከራ ነው።

*

አስቀድመን ተራራው ምን እንደሚሠራ እንይ። «ተራራ የውሃ ማማ ነው» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ጥሩ ቢሆንም ያሳስታል፤ ተራራ በውስጡ የተጠራቀመ ውሃ ያለው፣ ቧንቧ የተቀጠለለት ትልቅ ጋን ያስመስለዋል። ተራራ ግን ውሃ አይፈጥርም፤ የሰማዩን ውሃ ይቀበላል። ደመናን ወደ ላይ ገፍቶ ያቀዘቅዝና ዝናብ እንዲሆን ያደርገዋል። ይህ የመጀመሪያው ሥራው ነው። ሁለተኛውና እኔ ትልቁ የምለው ሥራው ማቆየት ነው።

ዝናቡ ሲወርድ መጀመሪያ ቅጠል ያገኘዋል፤ ጉልበቱን ያበርድለታል። ከዚያ የበሰበሰ ቅጠልና ሣር ይቀበለዋል። ከዚያም ሥሮችና ትሎች በሰረሰሩት አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ከፊሉን ተክሉ ይጠጣውና መልሶ ወደ አየር ይተነፍሰዋል። ከፊሉ ወደ ታች ይዘልቅና በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይጓዛል፤ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመታት በኋላ እግረ ተራራው ላይ ምንጭ ሆኖ ብቅ ይላል። በየካቲትና በመጋቢት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ምንጩ ሲፈስ የምናየው ለዚህ ነው። ያ ውሃ ያለፈው ክረምት ዝናብ፣ ምናልባትም አባቶቻችን የደበደባቸው ዝናብ ነው። ተራራው ለበጋው ያቆየው አደራ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ይህንኑ ተራራ ቅጠሉን አራግፉት፣ ሣሩን አስግጡት፣ አፈሩን አሳጥቡት። ዝናቡ ያው ነው፤ አንድ ጠብታ አልቀነሰም። ግን የሚቀበለው የለም። አፈሩ ሊውጠው ከሚችለው በላይ ሲወርድበት በላዩ ላይ ይንሸራተታል። በስድስት ወር ሊደርስ የሚገባው ውሃ በስድስት ሰዓት ይደርሳል። ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ጥም ይሆናል። ጎርፍና ጥም ተቃራኒ ይመስሉን እንደ ሆነ እንጂ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም የሚወለዱት ማቆየት ካቃተው ተራራ ነው።

«ዛፍ ትከሉ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚለውን ስብከት ግን እንዳለ አልቀበለውም። ዛፍም ይጠጣል፤ አንዳንዱ አብዝቶ ይጠጣል። ባሕር ዛፍ የተተከለበት አካባቢ ምንጭ ሲሳሳ ያየ ገበሬ ይህን ያውቀዋል። ዋናው ቁም ነገር የዛፉ ብዛት አይደለም፤ አፈሩ ውሃ የመቀበልና የማስረግ ችሎታው መጠበቁ ነው። ይህ ችሎታ በዛፍ፣ በሣር፣ በድንጋይ እርከን፣ ወይም በሦስቱም ሊጠበቅ ይችላል።

*

ይህ ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ በግልጽ የታየበትን ቦታ ልጥቀስ። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የተጓዘ ሰው መንገዱን ያስታውሰዋል። ከሐረር ተነሥቶ አወዳይንና ሐረማያን ካለፈ በኋላ ደንገጎ ላይ ተራራው ያልቅና መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው መውረድ ይጀምራል። ሐረማያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርዱን ከላይ ትቶ ሙቀቱ ውስጥ ለመግባት አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኔ በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው ወደ ቆላው በሚወርዱት ደረቅ ወንዞች ላይ ነው። ከላይ ሲታዩ ነጭ መቀነት የተዘረጋ ይመስላሉ፤ አሸዋ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ተራራ ጀርባ የሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐረር ለአሥርት ዓመታት ስትጠጣ የኖረችው ከእሱ ነው። አጠገቡ በአገራችን የመጀመሪያው የግብርና ኮሌጅ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም ተቆረቆረ። እንግዲህ ይህ ሐይቅ፣ ስለ አፈርና ስለ ውሃ ትምህርት በሚሰጥበት ደጃፍ፣ ዐይናችን እያየ አነሰ፣ ጎደለ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መካከል ላይም ደረቀ። ጀልባ ይቀዘፍበት የነበረው ሥፍራ ከብት ዋለበት።

ምን አደረቀው? አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ዙሪያውን ካሉት ኮረብታዎች ታጥቦ የመጣው አፈር ደለል ሆኖ ሞላው። ዳሩ ላይ የተተከሉት የውሃ ሞተሮች ለጫትና ለአትክልት ሌትና ቀን ሳቡት። ከተሞቹ ሲያድጉ የሚቀዱት ውሃ በዛ። ሙቀቱ ሲጨምር ትነቱም አብሮ ጨመረ። ጫቱ በአወዳይ ገበያ አልፎ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ሄደ፤ ድንችና ሽንኩርቱም ከአገር ወጣ። አንድ ሐይቅ በቅጠልና በድንች ተጭኖ አገር ለቀቀ ብል ነገር ማጋነን አይሆንብኝም።

በዚሁ ሰሞን ከተራራው ወዲያኛው ወገን ሌላ ነገር ሆነ። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊት፣ የድሬዳዋ ሕዝብ ተኝቶ ሳለ ከላይ ከተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወረደ። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለየው አሸዋማ ወንዝ ነው፤ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ስለሆነ ሰው እንደ መንገድ ይሄድበታል፣ ዳር ዳሩን ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። ያን ሌሊት ግን ግድግዳ የሚያክል ጎርፍ መጣ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ።

ልብ በሉልኝ። ከአንዱ የተራራ ጫንቃ ወደዚያ ማዶ ሐይቅ ሲደርቅ፣ ወደዚህ ማዶ ከተማ በጎርፍ ተወሰደ፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ዓመታት ብቻ ነው። የጠማውም የተጥለቀለቀውም ያው አንድ ተራራ ነው።

የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ ተረት ይመስላል። ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ሐረር ውሃ ፍለጋ ወደ ቆላው ወረደች። ድሬዳዋ አቅራቢያ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውሃው በቧንቧና በፓምፕ ያን ሁሉ ዳገት ሽቅብ እየተገፋ ሐረር እንዲገባ ተደረገ። የድሬዳዋ ከርሰ ምድር ውሃ ከየት የመጣ ነው? አብዛኛው ከዚያው ከተራራው ሰርጎ የወረደ ነው። ተራራው ማቆየት ያልቻለውን ውሃ በኤሌክትሪክ ኃይል መልሰን እናወጣው ጀመር ማለት ነው። «ውሃ ሽቅብ አይፈስም» ያልነው ቀርቶ፣ ይኸው ሽቅብ ፈሰሰ።

*

እንግዲህ ጥፋተኛው ማነው?

የልማድ መልሳችን ዝግጁ ነው፤ ገበሬው ነው። ተዳፋቱን ያረሰው፣ ዛፉን የቆረጠው፣ ሞተሩን የተከለው እሱ ነው። ከተማ ተቀምጠን ስንናገረው እውነት ይመስላል። ግን እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ተዳፋቱን ያረሰው ሜዳው ስላለቀበት ነው። አባቱ የነበረውን መሬት ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ፣ እሱም በተራው ለልጆቹ የሚያካፍለው ጠፍቶት ነው። ጫት የተከለው ከማሽላ ይልቅ ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስለት ጫት ስለሆነ ነው። ጫቱን የገዛው ደግሞ ማነው? ድንቹንስ የበላው? ከሰሉንስ ያነደደው? አንባቢዬ፣ ወንዙ ዳር ጅቡን ስንፈልገው አጣነው። እያንዳንዱ ሰው የሠራው ለብቻው ቢታይ በደል የማይባል ነገር ነው፤ ሲደመር ግን አንድ ሐይቅ ሞተ።

ይህ ለአሮጌው የግብረ ገብ ትምህርታችን ከባድ ፈተና ነው። የለመድነው በደል በዳይ አለው፣ ተበዳይ አለው፣ ክፉ ሐሳብም አለው። በደንገጎ ጀርባ ሞተሩን ያስነሣው ሰው በደቻቱ ዳር የተኙትን ሕፃናት አያውቃቸውም። ሊጎዳቸው ቀርቶ ስለ መኖራቸው አላሰበም። ሃንስ ዮናስ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ ያነሣው ነገር ይኸው ነበር። የጥንቱ ሥነ ምግባር የጎረቤት ሥነ ምግባር ነው፤ የምናየውን፣ እጃችን የሚደርስበትን ሰው ብቻ የሚመለከት። የሰው ልጅ ሥራ ግን ዛሬ በቦታም በጊዜም ከዐይናችን ርቆ ሄዷል፤ ኃላፊነታችንም ተከትሎት መሄድ አለበት ይላል።

«አላወቅንም» ማለት ይቻላል። አላዋቂነት በእርግጥ ይቅር የሚያሰኝበት ጊዜ አለ። አርስጣጣሊስ ግን ከሁለት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ነገር አስተውሏል። ሰካራም ባጠፋው ጥፋት «አላወቅሁም ነበር» ቢል አያድነውም፤ አላዋቂነቱን ራሱ ፈልጎ ያመጣው ነውና ሕግ አውጪዎች ቅጣቱን እጥፍ ያደርጉበታል ይላል። እኛስ? የተራራ አፈር ሲታጠብ ምን እንደሚከተል በኮሌጅ ስናስተምር ስድሳና ሰባ ዓመት አልፎናል። ከዚህ በኋላ «አላወቅንም» ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ማመካኛ ይሆናል።

*

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልመለስ። ከታች ሆኖ የላይኛውን ውሃ ማደፍረስ ይቻላል ወይ ብዬ ነበር። የዛሬው ሳይንስ መልስ «ይቻላል» የሚል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውሃ ተን በመቶ 7 ያህል ይጨምራል። ምድራችን ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከነበረችበት ጋር ስትነጻጸር ከ2011 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በአማካይ 1.1 ዲግሪ ሞቃ ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንዱ ዓመት አማካይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1.5 ዲግሪ አለፈ። የሞቀ አየር እንደ ሰፊ ስፖንጅ ነው። ሲደርቅ ከአፈሩና ከሐይቁ አብዝቶ ይመጥጣል፤ ሲጨመቅ ደግሞ አብዝቶ ያወርዳል። ስለዚህ ድርቁም ይጠነክራል፣ ዝናቡም ሲመጣ ይከብዳል። ተራራው የማቆየት ችሎታው በደከመበት ሰዓት፣ ሰማዩ ማቆየትን የሚጠይቅ ዝናብ መላክ ጀመረ።

ይህንም በቅርቡ አይተነዋል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ጉዳዩን ያጠኑ ሳይንቲስቶች በ2023 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቁት፣ የሰው ልጅ ያመጣው ሙቀት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለው ድርቅ የመድረስ ዕድሉ ቢያንስ በመቶ እጥፍ ያነሰ ይሆን ነበር፤ ዋናው ነገርም ሙቀቱ ያባባሰው ትነት ነው። በዚያው በ2023 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር በኢትዮጵያ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዋቢ ሸበሌ ወርዶ የሶማሊያዋን በለድወይን አጥለቀለቃት። ወደ 200,000 የሚሆን ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ሲጠማ የከረመ ሕዝብ ጥሙ ሳይወጣለት በጎርፍ ተባረረ።

ያንን ሙቀት ማን አመጣው? መላው አፍሪካ በዓመት ወደ አየር የሚለቀው የካርቦን ጭስ ከዓለሙ ድምር ከመቶ አራት እጅ አይሞላም። ጭሱ የወጣው በአብዛኛው ሩቅ ካሉ፣ ብዙዎቹም በባሕር ጠረፍ፣ ከተራሮቻችን በታች ከተቀመጡ ታላላቅ ከተሞች ነው። ጭስ እንደ ውሃ አይደለም፤ ወደ ላይ ይወጣል። ወጥቶም የሁሉንም ሰማይ ይነካል። በዚህ አኳኋን ከታች ያለው ከላይ ያለውን ውሃ፣ ገና ደመና ሳለ፣ ያደፈርሰዋል። በተረቱ ውስጥ ፈጽሞ ሊሆን የማይችል የነበረው ክስ ዛሬ ሊሆን የሚችል ሆኗል። ተዳፋቱ ከምስክርነት ተሰናበተ።

እስከ ዛሬ «ዝናብ የእግዜር ነው» ስንል ኖረናል። ዝናቡ ሲቀር ተንበርክከን ለመንን እንጂ ማንንም አልከሰስንም። ዛሬ ግን በሰማዩ ሥራ ውስጥ የሰው እጅ ገብቷል። የሰው እጅ የገባበት ነገር ሁሉ ደግሞ የፍትሕ ጥያቄ አለበት። አፍሪካውያን «ያጠፋ ይካስ» ብለው በዓለም ሸንጎ ሲከራከሩ ምጽዋት እየለመኑ አይደለም፤ ምክንያት እየጠቀሱ ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም ልበል። አደጋው ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው።

የአየር ንብረት ለውጥ እውነተኛ ምክንያት ነው ብያለሁ። እውነተኛ ምክንያት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ማመካኛ ይወጣዋል። የሐሰት ሰበብ ቶሎ ይነቃበታል፤ የእውነት ሰበብ ግን ማን ይነካዋል? አሁን አሁን ጎርፍ ሲመጣ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው»፣ ምንጭ ሲደርቅ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው»፣ ቧንቧ ሲጠፋ እንኳ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ማለት እየተለመደ ነው። የሐረማያን ሐይቅ የሙቀቱ ትነት ብቻ አደረቀው ብንል ደለሉን ማን ይጠይቀዋል? ሞተሮቹን ማን ይቆጥራቸዋል? የደቻቱን ጎርፍ ሰማዩ ብቻ ላከው ብንል በወንዙ ዳር ቤት እንዲሠራ የፈቀደው፣ ወይም አይቶ ዝም ያለው ሰው ያለ ጥያቄ ይቀራል።

ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? እኔ የደረስኩበት መለያ ቀላል ነው። ምክንያት ሲነገር ቀጥሎ «እና ምን እናድርግ?» የሚል ጥያቄ ይወልዳል። ማመካኛ ሲነገር ግን ወሬው እዚያው ያልቃል፤ ተናጋሪውም አቧራውን አራግፎ ይነሣል። ያው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ሰማዩ ተለውጧል» የሚለው፣ ከአንዱ አፍ ምክንያት፣ ከሌላው አፍ ማመካኛ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሰማዩ ተለውጧልና እርከኑን አጠናክረን እንሥራ የሚል አለ። ሰማዩ ተለውጧልና እኛ ምን እናድርግ የሚልም አለ። ዝናቡ በከበደ መጠን የተራራው የማቆየት ሥራ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አይቀንስም። የሩቁ ሰው ጥፋት የእኛን ሥራ አከበደብን እንጂ አላስቀረልንም።

*

የውሃ ሕግ ክርክሮችን ስመለከት ሁልጊዜ የሚጎድለኝ ነገር ይኸው ማቆየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የአሜሪካ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጁድሰን ሃርመን፣ በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ነገር ሜክሲኮ ስትከስ፣ ከላይ ያለ አገር በግዛቱ ውስጥ ባለው ውሃ እንዳሻው ቢያደርግ ለታችኛው ዕዳ የለበትም አለ። የጅቡ ፍልስፍና በሕግ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ነው። ደግነቱ አገሩ ራሱ አልኖረበትም፤ በ1906 እ.ኤ.አ. ለሜክሲኮ ድርሻዋን የሚሰጥ ውል ፈረመ። በተቃራኒው ደግሞ የታችኞቹ አገሮች ግብፅና ሱዳን በ1959 እ.ኤ.አ. የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢልዮን ሜትር ኩብ ብለው ለሁለት ሲከፋፈሉ፣ ከላይ ያለችውን ኢትዮጵያን አልጠሯትም፤ ድርሻም አልተዉላትም። አንዱ «ከላይ ነኝና የኔ ነው»፣ ሌላው «ከታች ነኝና የኔ ነው» ይላል። ሁለቱም የሚጣሉት ወንዝ ሆኖ ባለቀ ውሃ ላይ ነው። ውሃው ወንዝ ከመሆኑ በፊት በተራራው ላይ ስላቆየው ሰው ጉልበት ብዙም አያነሡም።

ያ ሰው ደግሞ አለ። የኮንሶ ሰዎች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደሩ ደረቁን ኮረብታቸውን በእርከን አልብሰውታል፤ ዩኔስኮም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ነዋሪዎች የተራቆተውን ተራራ ከልለው፣ ክትርና ጉድጓድ ሠርተው የጠፋውን የከርሰ ምድር ውሃ መልሰው አገኙ፤ ለዚህም በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣቸው። በሐረማያም በቅርብ ዓመታት በሐይቁ ሥፍራ ውሃ ተመልሶ ታይቷል፤ ጥሩ ዝናብም፣ በዙሪያው የተሠራው የተፋሰስ ሥራም ድርሻ አላቸው። ተራራ ይቅር ባይ ነው፤ ካገዙት ይመለሳል።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በአገራችን በየዓመቱ በበጋው ወራት ገበሬው ለሳምንታት ያለ ክፍያ እየወጣ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክባል። የሚያቆየው ውሃ ግን ለእሱ ብቻ አይደለም። ከፊሉ ወርዶ ግድብ ይሞላል፣ መብራት ይሆናል፣ በከተማ ቧንቧ ይወርዳል። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች የምንጠጣው ከለገዳዲና ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ነው። በነዚያ ግድቦች ራስጌ የሚያርስ ሰው አለ። አፈሩን ቢጠብቅ ውሃችን ይጠራል፤ ባይጠብቅ ግድባችን በደለል ይሞላል። ታዲያ ስለ ጥበቃው ምን ከፈልነው? በወር የምንከፍለው ሒሳብ ለቧንቧው፣ ለመድኃኒቱና ለፓምፑ ነው፤ የተራራው ባለሙያ ስም ደረሰኙ ላይ የለም። ስንፍናውን እንወቅሰዋለን እንጂ ደመወዙን አላሰብንበትም።

ይህ የማይሆን ሕልም አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ በ1997 እ.ኤ.አ. ከውሃዋ ራስጌ ካሉት የካትስኪል ተራራ ገበሬዎችና መንደሮች ጋር ተዋውላለች። በቢልዮን የሚቆጠር ዶላር የሚፈጅ የማጣሪያ ጣቢያ ከምትሠራ፣ ገንዘቡን ከላይ ላሉት ሰዎች መሬታቸውን ለሚጠብቁበት ሥራ ማዋል ይሻላታል ብላ ቆረጠች። የታችኛው ለላይኛው ከፈለ፤ ተዋውሎ፣ ተከባብሮ። ለሐረርና ለድሬዳዋ፣ ለአዲስ አበባና ለራስጌዋ ገበሬዎች እንዲህ ያለ ውል የማይታሰብበት ምክንያት አይታየኝም። ድህነታችን ነው የሚል ይኖራል። ለፓምፑና ለኤሌክትሪኩ ያልደኸየን ለእርከኑ ስንሆን የምንደኸየው ለምንድን ነው? ይህን መልስ ከየትኛው ቃል ሥር እንደማስቀምጠው አንባቢ ያውቃል።

ይህን የምለው ለገበሬው ጥብቅና ለመቆም ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው ለለገዳዲው ገበሬ ከታች ነው፤ ለአቃቂ ወንዝ አትክልተኛ ግን ከላይ ነው። ከየቤታችንና ከየፋብሪካችን የወጣው እድፍ በትናንሾቹና በትልልቆቹ አቃቂዎች ወርዶ የሚደርሰው ከእነሱ ማሳ ነው፤ ጎመኑ ሆኖ ደግሞ ወደ ገበታችን ይመለሳል። ለአንዱ ራስጌ፣ ለሌላው ግርጌ ያልሆነ ሰው የለም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቧንቧ፣ ጠዋት ተቀባይ፣ ከሰዓት በኋላ ላኪ ነን። በጊዜም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ላለፉት ግርጌ፣ ለሚመጡት ራስጌ ነን። የመጋቢትን ምንጭ ያቆዩልን ሰዎች ስማችንን አያውቁም ነበር። እኛም ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ከታች ሆነው ይጠብቁናል።

በነሐሴ አንድ ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብዙዎቻችን ብርድ ልብሱን ሳብ አድርገን እንተኛለን። በዚያው ሰዓት ከእንጦጦ ወይም ከደንገጎ አንድ ተዳፋት ላይ ያ ዝናብ ወይ ይሰርጋል፣ ወይ ይንሸራተታል። የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው ሰማዩ ብቻ አይደለም፤ ባለፈው በጋ እዚያ የተሠራው ወይም ሳይሠራ የቀረው ሥራ ነው። በሚቀጥለው በጋም እዚያው ተዳፋት ላይ አካፋ ይዞ የሚወጣ ሰው ይኖራል። የሚያሳስበኝ እሱ ይውጣ አይውጣ አይደለም፤ ይወጣል፤ ሲወጣ ኖሯል። የሚያሳስበኝ እኛ የከተማዎቹ ሰዎች ድርሻችንን ይዘን ከጎኑ መቆማችን ነው።